ከደብረ ታቦር ወደ ጉዛራ ግንብ

በየቤታችን የጉዞ ወሬ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ሐጅና ዑምራን ነው፤ ከአገር ውስጥም ነጃሺን፣ ሐረርን፣ የወሎን የቂርኣት መንደሮች። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከበራችን ሁለት ሰዓት በመኪና ርቆ የሚገኘውን ሳናይ ስንቶቻችን ፀጉራችን ሸበተ! እኛም ከእነዚህ መካከል ነበርን። ከሰኞ እስከ ዓርብ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በመድረሳ ስናስተምር ዓመታት ቆጥረናል። የጎንደር ነገሥታትን የግንብ ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስለናል! ጉዛራን ግን ከመኪና መስኮት በስተቀር አይተነው አናውቅም ነበር።

ጉዞው የተደረገው በ2015 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ ረመዷን ሊገባ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ነው። ሦስት መምህራንና 14 ተማሪዎች ሆነን አንድ ኮስተር ተከራየን። ከተማሪዎቹ ስድስቱ ሴቶች ናቸው። እናቶች ዳቦ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ጭነውልን፣ የፈጅር ሶላት እንደተሰገደ ከደብረ ታቦር ወጣን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት የጥንት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።)

ደብረ ታቦር ራሷ ብዙ የምታወራው አላት። ከተማዋን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቆረቆሯት ራስ ጉግሳ ናቸው። ራስ ጉግሳ ከየጁዎች ቤት ሲሆኑ፣ የዚያ ቤት ዘር ከሙስሊም ቤተሰብ የሚመዘዝ መሆኑን ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚስማሙበት ነው። ጋፋት ደግሞ እዚሁ ከአፍንጫችን ሥር ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት። ይሁን እንጂ የዚያን ዕለት ጋፋትን አልፈን የጉና ተራራን ከኋላችን ትተን ቁልቁል ወደ ወረታ ወረድን።

ወረታ ድረስ 42 ኪሎ ሜትር ነው። ደጋው አልቆ የፎገራ ሜዳ ሲዘረጋ ብርዱ በአንድ ጊዜ ይቀራል፤ ልጆቹ ጋቢያቸውን ጠቅልለው ከመቀመጫ ሥር ከተቱ። ሩዙ ታጭዶ ስለነበር ሜዳው ገለባ ብቻ ነው፤ እዚህም እዚያም በመስኖ የለማ ሽንኩርት ያረነጉዳል። ከአዲስ ዘመን ካለፉ በኋላ ብቻውን እንደ ጣት የቆመ ቋጥኝ አለ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ አሳየን። ልጆቹ በስልካቸው ፎቶ ሲያነሱ አንደኛው መምህር ስለ እሳተ ገሞራ ማስረዳት ጀመረ፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

ጉዛራ ከእንፍራዝ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ነው። መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁመን በእግር ወጣን። መንገዱ ጠጠር ስለሚበዛበት ወደፊት የሚሄድ ሁሉ ጥሩ ጫማ ያድርግ፤ ከእኛ አንዷ ተማሪ በነጠላ ጫማ መጥታ መከራዋን አየች። ላይ ሲደረስ ጣና ሐይቅ በምዕራብ በኩል እንደ ተወለወለ ትሪ ተዘርግቶ ይታያል። ግንቡ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ክብ ማማ አለው፤ ከፊሉ ፈርሷል፤ የቀረው ግን ጎንደር ከተማ ያለውን የፋሲልን ግንብ ላየ ሰው ወዲያው ታናሽ ወንድሙ መስሎ ይታየዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ታላቁ ይሄኛው ነው። ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ1570ዎቹ መጀመሪያ አሠሩት ተብሎ ይታመናል፤ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ግን በ1636 ነው።

ስለ ዘመኑ ክርክር አለ። ድንጋዮቹ የተያያዙት በኖራ ነው። ፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ አልሜይዳ ደግሞ በዚህ አገር ለኖራ የሚሆን ድንጋይ የተገኘው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1621 አካባቢ፣ ከህንድ በመጣ ሰው አማካይነት መሆኑን ጽፏል። እንዲህ ከሆነ ጉዛራ በሠርጸ ድንግል ጊዜ ኖራን ከየት አመጣ? በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተመራማሪዎች ግንቡ በኋላ የተሠራ ወይም የታደሰ ነው ይላሉ። አብሮን የመጣው የኬሚስትሪ መምህር ይህን ሲሰማ ከግድግዳው ሥር የወደቀች የኖራ ፍርፋሪ አንስቶ በጣቱ እያሸ ብዙ ቆየ።

እኛም ለተማሪዎቹ ገለጻ አደረግን። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የተገደሉት ከዚህ ብዙም በማይርቅ፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው ወይና ደጋ፣ በፌብሩዋሪ 1543 መሆኑን ነገርናቸው። የዚያኑ ወር ልክ 480 ዓመት ሞልቶት ነበር። ከዚያ ጦርነት በኋላ ነገሥታቱ ከሸዋ እየራቁ ወደ ጣና ዳርቻ መሳባቸውን፣ ይህ ግንብም ጦርነቱ ካበቃ ሰላሳ ዓመት ገደማ በኋላ መቆሙን አስረዳን። ስለ ማማው፣ ስለ ኖራው፣ ስለ ንጉሡ አወራን። ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርን መሰለን።

ተማሪዎቹን ስንቆጥር 13 ሆኑ።

አሥራ አራተኛው የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ስሙን አንጠቅስም። ከግንቡ በታች ካለች ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘነው።

«ምነው? አሞህ ነው?» አልነው።

«አላመመኝም፣ ኡስታዝ።»

«ታዲያ ለምን አትገባም?»

«ይህ የእነሱ ነው» አለ፤ በእጁ ወደ ግንቡ እያመለከተ። «የሰው ቤት ገብቼ ምን አያለሁ? እኔ የመጣሁት ጎንደር ያሉትን ዘመዶቼን ላይ ነው።»

የሰጠነው መልስ አሁን ስናስበው ያሳፍረናል። ሙስሊም በምድር ላይ ተዘዋውሮ ያለፉትን ሕዝቦች ፍጻሜ መመልከት እንዳለበት፣ ዕውቀት የትም ቢገኝ የሙእሚን ንብረት መሆኑን፣ ይህንንም ያንንም ደረደርንበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማን። ስንጨርስ «እሺ ኡስታዝ» አለና ከተቀመጠበት አልተነሳም። ከዚህ በላይ ልናስገድደው አልፈለግንም። ምክንያቱን በከፊል እናውቃለን። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በአንድ ሸኽ ቀብር ላይ በተነሳው ጥቃት ከ20 በላይ ሙስሊሞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የዚህ ልጅ የእናቱ ወንድም ከዚያ ቀብር ቆስሎ የተመለሰ ሰው ነው። አላህ የሞቱትን ይማርልን።

የዙህርን ሶላት እንፍራዝ ሰግደን ምሳችንን በልተን ጎንደር ገባን።

ፋሲል ግቢ ብዙ የተጻፈለት ስለሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። 70,000 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ ዙሪያውን 900 ሜትር የሚሆን አጥር ይከበዋል፤ 12 በሮች ነበሩት። በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከፋሲል ግንብ ሌላ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የምንትዋብ ሕንፃዎች አሉ። የኢያሱን ግንብ ያየ ሰው ያዝናል። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ ጣሊያኖች አገሪቱን በያዙ ጊዜ ግቢውን ቢሮ አድርገውት ስለነበር በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት።

ልጆቹ ደስ ብሏቸው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ እኛን የያዘን የጥገናው ነገር ነበር። ጣሊያኖች ግንቦቹን ሲጠግኑ ሲሚንቶ ተጠቅመዋል። ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ ዩኔስኮ እንደገና አስጠገናቸው። የኬሚስትሪው መምህር ጊዜው ደረሰለትና ተማሪዎቹን ሰብስቦ አስረዳ፤ በእውነቱ ከእኛ የጉዛራ ንግግር ይልቅ የእርሱ ተሰማ። የኖራ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል። ከዚያ ውኃ ሲያርፍበት ይፈላል፣ ይፈረካከሳል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ሲገባ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ሕንፃው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ግድግዳው የጠጣውን የክረምት ውኃ በበጋ መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ግን ይጠነክራል እንጂ አያስተነፍስም። ውኃው ከኋላው ይታሸግና መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እየፈለፈሉ በኖራ መተካት ነበረባቸው። «ለማጠንከር ብለው ጎዱት ማለት ነው?» አለ አንዱ ተማሪ። «አዎ፣ ለማጠንከር ብለው» አለው መምህሩ።

እኛ ካየነው ወዲህ በ2017 ዓ.ም. ግቢው ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ያየናቸው ስንጥቆች አሁን እንዴት እንደሆኑ ለማየት ኢንሻአላህ ተመልሰን እንሄዳለን።

አስጎብኚው ጨዋና አዋቂ ሰው ነው። አንዲት ተማሪ «ንጉሡ አሠራ ሲሉን ቆዩ፤ ድንጋዩን የደረደሩትስ እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችው። ጥያቄው አስደሰተው። ከግንበኞቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል እንደነበሩ ነገረን። ጥቂት ቆይቶ ስለ ከተማዋ ጥፋት ሲናገር ደርቡሾች በ1888 ከሱዳን መጥተው ጎንደርን ማቃጠላቸውን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ማውደማቸውን አነሳ። ይህን ሲል የሴት ተማሪዎቻችንን ሒጃብ አየና ድምፁ ዝቅ አለ፤ ቅር ያሰኘን መሰለው። «ቀጥል ወንድሜ፣ እውነት ነው» አልነው። የሆነው ሆኗል፤ የእኛ ስም ያለው ሰው ስላደረገው ከታሪክ አይፋቅም። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1866 ይህችኑ ከተማ ዘርፈው ማቃጠላቸውን እርሱው ጨመረልን።

ሌሊቱን ያሳለፍነው አዲስ ዓለም ነው። የከተማው ሙስሊሞች የቆየ ሰፈር መሆኑን ብዙ አንባቢ ያውቃል፤ ድሮ «እስላም ቤት» ይባል ነበር። ያ ልጅ ከሚወዳቸው አክስቱ ቤት ነበር የተጋበዝነው። እኚህ ሐጃ ጥቂት ይናገራሉ፣ ብዙ ያጎርሳሉ። ከመግሪብ በኋላ ቡና ተፈላ። ልጆቹ በምንጣፉ ላይ ተኮልኩለው ሳሉ ከመካከላቸው አንዱ ሙስሊሞች ለምን ለብቻቸው እዚህ ቆላው ላይ እንደሰፈሩ ጠየቀ።

በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 ጉባኤ ተደርጎ፣ ፈረንጆቹ ካቶሊኮች ከአገር እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ መወሰኑን ነገርናቸው። ቀን አስጎብኚውን የጠየቀችው ልጅ ከአፋችን ነጠቀችን። «ግንቡን የሠሩትን ሰዎች ማለት ነው?» አለች። አዎ፣ እነርሱኑ። የነጋዴውንም ሰፈር እንዲሁ። ነገር ግን መለየት ማለት መቆራረጥ አልነበረም፤ ቤተ መንግሥቱ ያለ ነጋዴው አይኖርም። የዮሐንስ ልጅ ዐፄ ኢያሱ ታመው ሐኪም ሲያስፈልጋቸው ከካይሮ እንዲያመጣላቸው አደራ የሰጡት ሐጂ ዐሊ ለሚባል ሙስሊም ነጋዴ ነበር። እርሱም ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ይዞላቸው መጣ።

ፖንሴን ካነሳን ዘንድ ያየውን ጨመርን። በ1699 ጎንደር ገብቶ ንጉሡን ካከመ በኋላ በ1700 ሲመለስ በእንፍራዝ በኩል አለፈ። ከተማዋ ከጎንደር ታንሳለች፤ ግን ይበልጥ የምታምር፣ ቤቶቿም የተሻሉ ሆነው አገኛቸው። ከሁሉ በላይ የገረመው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያች ከተማ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ ይፈጽማሉ፤ ቤቶቻቸውም ከክርስቲያኖቹ ቤቶች ጋር ተደባልቀው የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ በሌላ የአገሪቱ ከተማ እንደሌለ ጽፏል። ማለትም ጎንደር ላይ የመለያየት ዐዋጅ ከወጣ ከሰላሳ ዓመት በኋላ፣ ኢማም አሕመድ በወደቁበት አገር፣ ያ ዐዋጅ እንፍራዝ ላይ አልሠራም ነበር።

ያ ልጅ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ድንገት ቀና አለ።

«እንፍራዝ? ጉዛራ ሥር ያለው?»

«አዎ።»

«ዛሬ ምሳ የበላንበት?»

«እሱው ነው።»

«ታዲያ እዚያው ላይ ሳለን ለምን አልነገራችሁንም፣ ኡስታዝ?»

አክስቱ «ተው እንጂ፣ ታላቅ እንዲህ ይናገሩታል?» ብለው ተቆጡት። እኛ ግን ልጁ ልክ መሆኑን ወዲያው አወቅን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ንጉሥ፣ ስለ ማማና ስለ ኖራ ተናግረን ከኮረብታው ሥር የነበሩትን ሰዎች ረስተናቸው ነበር። የተማርነው እንደዚያ ነው፤ ታሪክ ሲባል ላይ ላዩን ነው የምናየው። ሲያስተምሩን ያልነገሩንን እኛም ሳንነግር ልናልፍ ነበር። «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አፉ በለን» አልነው። ሐጃ በዚህ ጊዜ ሁለተኛውን ቡና ቀዱ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ተመለስን። የዐስር ሶላት እንፍራዝ ላይ ስለደረሰብን መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ከጨለማ በፊት ደብረ ታቦር መግባት ስለፈለገ ከሶላት በኋላ ከ40 ደቂቃ በላይ እንደማይጠብቅ አስጠንቅቆናል። ሰግደን ስንወጣ ልጁ መጥቶ «ልውጣ?» አለን። ወዴት ብለን አልጠየቅነውም። በነጠላ ጫማ የመጣችው ተማሪ የጓደኛዋን ሸራ ጫማ ተዋሰችና ሁለት ሆነው፣ ከአንድ መምህር ጋር ሽቅብ ሄዱ።

እኛ ከታች ሻይ እየጠጣን ጠበቅናቸው። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ነገርናቸው።

«ልጆቹን ግንቡን ልታሳዩ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ደግ አደረጋችሁ። የእኛዎቹስ መቼ ይወጡና! ከብት ሊፈልጉ ካልሆነ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ መነጋገር ጀመርን።

ሦስቱ የወረዱት 50 ደቂቃ ሙሉ ቆይተው ነው። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፍቷል። የልጁ ጫማና ሱሪ እስከ ጉልበቱ አቧራ ሆኗል። ምን አየህ ብለን አፋጠጥነው።

«ከላይ ሆኖ ሲያዩት የከተማው ቤት ሁሉ ጣራው አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ነው» አለ። «የማንኛው የማን እንደሆነ ለማወቅ ሞክሬ አቃተኝ።»

ከዚያ መስኮት በኩል ያለ መቀመጫ ጠይቆ ተቀመጠ፤ አዲስ ዘመን ከመድረሳችን በፊትም እንቅልፍ ወሰደው።